የሚረጋ ዘይት ያጠፋብን የኑግ ማሳ

በሰኔ መጨረሻ ጡረታ ስወጣ እሠራበት የነበረው የሸማቾች ማኅበር እንጅባራ ላይ የሽኝት ዝግጅት አደረገልኝ። በመጋዘኑ ግቢ ወንበር ተደርድሮ፣ ዳቦና ለስላሳ ቀርቦ፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ቢምረው ተነሥቶ ተናገረ። «እትዬ አስናቀች ይኼን ሁሉ ዘመን ለሕዝቡ ዘይት ሲያድሉ ኖረዋል። ዛሬ ደግሞ ተራው የእኛ ነው» አለና ስጦታዬን አስመጣ። ወዛደሩ በትከሻው ተሸክሞ ያመጣው ትልቅ ቢጫ ጄሪካን ነበር። አንገቱ ላይ ሪባን ታስሮበታል። ክረምት ነውና ውስጡ ያለው ዘይት ረግቶ ሞራ መስሏል።

ሰው አጨበጨበ። ተነሥቼ አመሰገንሁ፤ መልካም አስበው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አልወሰድሁትም። «ይኼ ነገር በመጋዘን አብሮኝ ኖሯል፣ ቤቴ ግን አይገባም» ብዬ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ። በማግሥቱ ከተማው አወራ። አንዱ ኩራት ነው አለ፣ ሌላው ጡረታው አእምሮዋን ነካት አለ፣ ደግሞ የወንጌል አማኝ ስለሆንሁ ሃይማኖቷ ከልክሏት ይሆናል ያሉም አሉ። ዘይት የሚከለክል ሃይማኖት የለኝም። የከለከለኝ የሥራ ዘመኔ ነው። በየበሩ እየዞርሁ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ሥራ የጀመርሁት ዳንግላ ነው፤ ከገበያው በታች፣ ጋሪዎች ከሚቆሙበት ሜዳ ጥግ በነበረች አንዲት የኑግ ዘይት መጭመቂያ። የገባሁት ለማበጠር ነው። ገለባውን፣ ጠጠሩን፣ የአረሙን ዘር ከኑጉ የምንለይ ሴቶች ነበርን፤ ማታ ወደ ቤት ስንሄድ ከቅንድባችን ላይ ሳይቀር አቧራ እናራግፍ ነበር። ደመወዙ የሚወራ አይደለም። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት አያ ፈንታ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከከተማው ወጣ ካለ ገጠር የመጡ፣ አማርኛና አዊኛ እኩል የሚናገሩ። እኔን ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አስተማሩኝ ስል ቁጭ አድርገው ነገሩኝ ማለቴ አይደለም፤ ሲሠሩ እያየሁ ነው።

አያ ፈንታ ኑግ ሲረከቡ ሚዛኑን አያስቀድሙም። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከጆንያው ውስጥ ይከታሉ። ከላይ ደርቆ ከታች የረጠበ ኑግ ለእጅ ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ ጥቂት ፍሬ አንሥተው በፊት ጥርሳቸው ይሰብራሉ። ጠቅ ካለ ደርሷል። ከተጣበቀ ገበሬውን በአዊኛ አንድ ሁለት ቃል ይሉታል፣ ሁለቱም ይስቃሉ፣ ገበሬውም ጆንያውን በጋሪ መልሶ ሊያሰጣ ይሄዳል። አንድም ሰው ሲቀየማቸው አላየሁም።

ኑግ ከመጨመቁ በፊት መሞቅ አለበት። ካልሞቀ ዘይቱን አይሰጥም፤ ከበዛበት ያርርና ዘይቱ ይመርራል። ኑጉ በሚሞቅበት ጊዜ አያ ፈንታ አይናገሩም፣ የጠራቸውንም አይመልሱም። መዳፋቸውን በማሞቂያው ጎን ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። ሽታው ከጥሬ ወደ ቆሎ የሚዞርበት ቅጽበት አለ፤ ያኔ «አሁን» ይላሉ፣ ኑጉ ወደ መጭመቂያው ይወርዳል። ያቺን ቅጽበት በአፍንጫዬ ለመያዝ ዓመታት ፈጀብኝ። አንድ ቀን ሳላስበው ከእሳቸው ቀድሜ «አሁን» አልሁ። ዘወር ብለው አዩኝ፤ ከማሽኑ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብለው ቦታውን ለቀቁልኝ። ማበጠሩን የተውሁት በዚያ ቀን ነው።

የተጨመቀው ዘይት እንደ ወጣ አይሸጥም ነበር። በርሜል ውስጥ ይቀመጣል፣ ዝቃጩ ይወርዳል፣ በአቡጀዲ ይጠለላል። ባለቤቱ መጥቶ «አያ ፈንታ፣ ደንበኛ ቆሟል እኮ» ሲላቸው «ይቁም፣ እኔም ቆሜአለሁ» ይሉት ነበር። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የትናንቱን ዘይት በማንኪያ ቀድተው ባዶውን ይጎነጩታል። ጾም ከሆነ እስኪፈቱ ይጠብቃሉ እንጂ አያልፉትም። «እኔ ያልዋጥሁትን ለሰው አላውጥም» ይላሉ። ፋጉሎው፣ ማለትም ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ደረቅ ቅሪት፣ ለከብት አድላቢ ይሸጣል። ከዚያ ቤት የሚጣል ነገር አልነበረም።

ጥቅምት ላይ ደግሞ አንድ ቀን ማሽኑን ያቆሙና ሠራተኛውን ሁሉ ይዘው ወደ ገጠር ይወጣሉ። «የምትጨምቁትን እዩት» ነው ምክንያታቸው። ያን ጊዜ የዳንግላ ዙሪያ ቢጫ ነበር። ከመንገዱ ግራም ቀኝም፣ ዓይን እስከሚደርስበት የኑግ አበባ። ሁልጊዜ የምንሄደው ስመኘው ከሚባል ወጣት ገበሬ ማሳ ነው። ከማሳው ዳር ቀፎዎች ነበሩት፤ የንቡ ድምፅ ሰው አያደማምጥም ነበር። ስመኘው ኑጉን የሚዘራው ውኃ በሚቋጥረው፣ ሌላ እህል በማይወደው ቁራሽ ላይ ነው። «ኑግ መሬት አይቀማም፤ ለጤፉ አዘጋጅቶለት ነው የሚሄድ» ይለን ነበር። ለከርሞው ያው ቁራሽ ጤፍ ይሰጠዋል። ማዳበሪያ ሳይሆን ኑግ ነው መሬቱን የሚያሳርፈው። ዘይቱ ከኑግ፣ ማሩ ከአበባው፣ የከብቱ መኖ ከፋጉሎው፣ ጤፉ ካረፈው መሬት። ያን ጊዜ ይኼ ሁሉ እንደ ቀላል ነገር ይታየኝ ነበር። የሚጠፋ አልመሰለኝም።

ከዚያ የሚረጋው ዘይት መጣ።

ፓልም እንደሚባል ያወቅነው ቆይተን ነው፤ መጀመሪያ «የውጭ ዘይት»፣ ቀጥሎ «የሚረጋው» አልነው። ከባሕር ማዶ በመርከብ ተጭኖ፣ በከባድ መኪና ተራራ ወጥቶ፣ ዳንግላ ላይ ከስመኘው ማሳ ከሚወጣው ዘይት ረክሶ ይሸጣል። ይኼ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ከሌላ ዓለም የመጣ ነገር አጠገባችን ከሚበቅለው እንዴት ይረክሳል? አንድ ቦታ አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር ዋጋውን ከፍሎለታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ማን እንደ ከፈለ አላወቅንም፤ ደግሞ ለማወቅ የጠየቀም አልነበረም።

የመጭመቂያው ባለቤት ስሙን አልጠራውም፤ አሁን በሕይወት የለም። አንድ ማለዳ በርሜል በርሜል የሚረጋ ዘይት በጋሪ አስጭኖ መጣ።

«አያ ፈንታ፣ ሁለት እጅ ከዚህ፣ አንድ እጅ ከእኛ። ሽታውን ኑጉ ይሸፍነዋል» አላቸው።

«በርሜሉ ላይ ምን ልትጽፍበት ነው?»

«ያው የነበረው ነዋ። ንጹህ የኑግ ዘይት።»

አያ ፈንታ ወደ ቧንቧው ሄደው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፣ በጋቢያቸው ጫፍ አደረቁ፣ የማሽኑን ቤት ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው አስረከቡት። «እንግዲያ አንተው ጨምቀው» አሉና ወጡ። እኔም ነጠላዬን አንሥቼ ተከተልኋቸው። ከኋላችን የሄደ ሌላ ሰው የለም፤ የማልፈርድባቸው ሁሉም ልጅ ስለነበራቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ አግብቼ እንጅባራ ገባሁ። እንጅባራ ብርድ ነው፤ ዳንግላ ላይ የተደበቀ ነገር እዚህ ይገለጣል። አንድ ሳምንት ከሱቅ የገዛሁት «ንጹህ የኑግ ዘይት» ጠዋት ስነሣ በመስኮቱ ላይ ታችኛው ግማሹ ረግቶ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። የኑግ ዘይት በእንጅባራ ብርድ አይረጋም። ከማን እንደ ወጣ ከማሸጊያው ላይ አየሁ፤ የዚያው የዳንግላው ቤት ነው። ለአያ ፈንታ ስልክ ደወልሁላቸው። «እንዳትከፍቺው። እንደ ታሸገ ይዘሽው ነይ፤ እንከሳለን» አሉኝ።

ክሱን አቀረብን፤ ጉዳዩ የሚመለከተው ቢሮ ዳንግላ ላይ ቀጠረን። በቀጠሮው ቀን ማለዳ የረጋውን ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ቦታ ሞልቶ ኖሮ ረዳቱ ከሾፌሩ አጠገብ፣ ከሞተሩ በላይ ባለችው መቀመጫ አስቀመጠኝ። ጠርሙሱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እንደ ሕፃን አቅፌው ሄድሁ። መንገድ ላይ ጎማ ተበላሽቶ ፀሐይ ላይ ቆምን። ስደርስ ቀትር ሆኗል፣ አያ ፈንታ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፣ የመጭመቂያው ባለቤትም ወንበር ተሰጥቶት ተቀምጧል።

የቢሮው ኃላፊ ጨርቁን ፈታና ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው። እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ ያበራል።

«የታለ የረጋው?» አለ።

ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። «ጌታዬ፣ ሙቀት ነው ያቀለጠው። እስኪ ፍሪጅ ውስጥ ይደርና ነገ ይታይ» አልሁ።

«ቢሮዬ ለስላሳ መሸጫ ነው እንዴ? ደግሞስ መብራት መቼ አለና!»

አያ ፈንታ ቀስ ብለው ተናገሩ። «የማሽኑን ሥራ አውቀዋለሁ። ምን ሲቀላቀል እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። እንጅባራ ሰው ላኩና በብርድ ይሞከር። ወይም ወደ ባሕር ዳር ላኩት፣ በመሣሪያ ይመርመር።»

«አባባ፣ ከሥራ ሲወጡ ተቀይመው ነው የወጡት ይባላል» አለ ኃላፊው። ፋይሉ በዚያው ተዘጋ።

በዚህ አላበቃም። ባለቤቱ ስሜ ጠፋ ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። ሽማግሎቹ አያ ፈንታን ይቅርታ ጠይቁና ይብቃ አሏቸው። እሳቸውም ተነሥተው «ይቅርታ ካልሁ ዘይቱ ንጹህ ነው ማለቴ ነው። እንዲህ ብዬ ከምኖር ሥራው ይቅር» አሉ። ሥራውም ቀረ። ከዚያ በኋላ ዳንግላ ውስጥ አንድም መጭመቂያ አልቀጠራቸውም። ወደ ገጠራቸው ተመልሰው ጥቂት ዓመት ኖሩና ዐረፉ። ያ እጅ ኑግ ዳግመኛ ሳይነካ ነው አፈር የገባ። ለቅሶው ላይ የቀረበው የጾም ወጥ እንኳ በሚረጋው ዘይት የተሠራ ነበር፤ ሌላ በገበያው አልነበረማ። አልቀመስሁትም። እስከ ዛሬ የምናደደው በሞተሩ ሙቀት አይደለም። አንድ ሌሊት ለማሳደር እንኳ ፈቃድ በነፈገው ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ ነው በሸማቾች ማኅበሩ የዕቃ ቤት ሠራተኛ ሆኜ የተቀጠርሁት። ከስኳርና ከዱቄት ጋር የማድለው ያንኑ የሚረጋ ዘይት ሆነ። በድጎማ ስለሚመጣ ርካሽ ነው። መኪናው የሚመጣበት ቀን ሰልፉ ከመጋዘኑ በር እስከ ዋናው መንገድ ይደርሳል። በክረምት ጠዋት ጄሪካኑ አልቀዳ ብሎ ሰው ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ አንዳንዱም በማንኪያ እየቆረጠ ወጥ ውስጥ ይጨምረዋል። ሰልፈኛውን ወቅሼ አላውቅም። ምርጫ የሌለው ሰው አይወቀስም። ምርጫውን የወሰደበት ነው የሚወቀስ፤ ለባሕር ማዶው ዘይት ድጎማ ሲገኝ ለአገሩ ኑግ ዘሪ አንድ የሚያበረታ ያልተገኘበት ምክንያት ዛሬም አልገባኝም።

ዋጋውን ማን እንደ ከፈለ ያወቅሁት ከአያ ፈንታ ልጅ ነው። ደሳለኝ ይባላል። ባሕር ዳር ተምሮ የመርከብ መካኒክ ሆኖ ባሕር ላይ የሚሠራ ነው። ፈቃድ ሲመጣ እኔን ሳያይ አይሄድም። አንድ ጊዜ ቤቴ ተቀምጦ ስለ ሥራው ስጠይቀው ፊቱ ተለወጠ።

«እትዬ አስናቀች፣ የእርስዎን መጋዘን ዘይት ከሚበቅልበት አገር ነበርሁ» አለኝ። «ወደቡ ላይ ጭነት ስንጠብቅ ከጓደኞቼ ጋር መኪና ይዘን ወደ ውስጥ ገባን። ከጠዋት እስከ ቀትር ነዳን። ያየነው አንድ ዓይነት ዛፍ ነው።»

«ሌላ ምንም?»

«ምንም። ፓልም ብቻ፣ ረድፍ በረድፍ። ወፍ አይጮህም። ሾፌሩ የዚያው አገር ሰው ነው፤ አያቱ በነበሩበት ዘመን ይኼ ሁሉ ፀሐይ የማያስገባ ጫካ ነበር አለን። በሌላ ጉዞ ደግሞ ወደቡ ስንደርስ ቀኑ ጨልሟል። ደመና መስሎኝ ነበር፤ ጭስ ነው። ጫካውን የሚያጸዱት በእሳት ነው። እትዬ፣ አፈሩ ራሱ ይነዳል።»

«አፈር እንዴት ይነዳል ልጄ?»

«ረግረግ ነበር። ለዘመናት የበሰበሰ ቅጠልና ሥር የተከማቸበት። በቦይ ውኃውን አፍስሰው ሲያደርቁት ኩበት ማለት ነው። አንዴ ከተያያዘ ከመሬት በታች እየሄደ ይጨሳል፤ ዝናብ ካልመጣ የሚያጠፋው የለም። ሕፃናቱ አፋቸውን በጨርቅ ሸፍነው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ደግሞ እዚያ ጸጉሩ ቀይ የሆነ፣ ልጁን እንደ ሰው የሚያቅፍ ትልቅ ዝንጀሮ አለ። ኑሮው ዛፍ ላይ ነው። ሾፌሩ አንዲቱን በስልኩ አሳየን። ከተቆረጠ ግንድ ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። የምትወጣበት ዛፍ የለም።»

እኔ ያደልኋቸው ጄሪካኖች በዓይነ ኅሊናዬ ተደረደሩ። «ይኼ ሁሉ ለእኛ ወጥ ነው?» አልሁት።

«ለእኛ ብቻ አይደለም። ለብስኩቱም፣ ለሳሙናውም፣ ለዳቦ ቅቤውም፣ ለሀብታሞቹ አገር ቸኮላትም ነው። ዛፉን አይውቀሱት፤ ከትንሽ መሬት ብዙ ዘይት ይሰጣል። ጫካ ሳይነኩ በድሮ እርሻ ላይ የሚተክሉም አሉ። ክፋቱ ብቻ ርካሽ ይሁን የሚለው ስስት ነው።» ቆይቶ ደግሞ «አባቴ የተጣሉት በርሜሉ ላይ በተጻፈው ውሸት ነበር። ከውሸቱ በስተጀርባ ያለውን አላዩትም» አለ።

በማግሥቱ የአባቱን መቃብር ሊያይ ወደ ዳንግላ አብረን ወረድን። ከሚኒባሱ መስኮት ኮረብታው ሁሉ ዲከረንስ ነው፤ ለከሰል የሚተከለው ያ የውጭ ግራር። አንድ ቁመት፣ አንድ መልክ፣ በመካከሉ የከሰል ጭስ። ገበሬውን አልወቅስም፤ ዲከረንስ የብዙ ሰው ልጅ አስተምሯል፣ የተጎዳ መሬትም ሸፍኗል። ግን በልጅነቴ የማውቀው ጫካ የቀረው እንደ ዘንገናና እንደ ጥርባ ባሉት ሐይቆች አፋፍ ላይ ብቻ ነው። ደሳለኝ ግንባሩን ከመስታወቱ አስደግፎ «ይኼንንም አውቀዋለሁ» አለ።

ከመቃብሩ መልስ ስመኘው ዘንድ ጎራ አልን። ጠጉሩ ሸብቷል። ማሳው ግን ከኔ በላይ አርጅቶ ታየኝ። ቢጫ ከነበረው አብዛኛው ዲከረንስ ሆኗል፤ ከታች በኩል አንዲት ጠባብ የኑግ ቁራሽ ብቻ ቀርታለች።

«ኑግህስ ስመኘው?»

«ማን ይገዛኛል እታለም? መጭመቂያዎቹ ተዘጉ። ያሉትም ከሚረጋው ጋር እያደባለቁ ስለሆነ ጥቂት ነው የሚፈልጉ። ይቺን የምዘራት ለቤቴ ነው።»

«ቀፎዎቹስ?»

«ንቡ በጥቅምት ምን ይቅሰም? ሄደ።»

የሚረጋው ዘይት ያቃጠለው የባሕር ማዶውን ጫካ ብቻ አይደለም ያልሁት ያን ቀን ነው። እሳት ሳይነካው የእኛም ማሳ ተቃጥሏል።

ወደ መጋዘኔ ተመልሼ ዝም ማለት አልቻልሁም። በሰልፉ መካከል ሴቶቹን ማናገር ጀመርሁ። ሱቅ ስትገቡ የጠርሙሱን ሥዕል አትዩ፣ ሥዕል ሁሉ የሱፍ አበባ ነው፤ ጀርባውን አዙሩና ደቃቁን ጽሑፍ አንብቡ እላቸዋለሁ። ፓልም፣ ፓልም ኦሌይን፣ ፓልም ከርነል የሚል ካለ እሱው ነው። «የአትክልት ዘይት» ብሎ የየትኛው አትክልት እንደሆነ ካልጻፈ ደግሞ ባለሱቁን ጠይቁ፤ ስሙን የደበቀ ዘይት የሚደብቀው ነገር አለው። ብስኩቱንም፣ የልጆቹን ከረሜላም፣ ሳሙናውንም እንዲሁ አንብቡ። ማንበብ የማትችሉ ልጆቻችሁን አስነብቡ። ብርድ ላይ አሳድሮ ማየት ጥሩ ነው፤ ግን አሁን እንዳይረጋ ሆኖ የሚጣራ ስላለ ስላልረጋ ብቻ አትመኑት። የኑግ ከሆነ ሽቱት፤ የኑግ ሽታ አይዋሽም፣ የተቀላቀለ ግን ሲጠበስ ሽታው ቶሎ ይጠፋል።

አቶ ቢምረው ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ደነገጠ።

«እትዬ አስናቀች፣ እኛው የምንሸጠውን ዘይት በእኛው በር ላይ ያስጠላሉ?»

«የኑግ ዘይት አምጣና እሱን አስወድዳለሁ።»

«ከየት አምጥቼ?»

«ከዳንግላ ነዋ! ከባሕር ማዶ ማምጣት ከቻልን ከዳንግላ ማምጣት እንዴት ያቅተናል?»

ራሱን ነቀነቀና ወጣ። አንድ ነጋዴም በሠራተኛህ ደንበኛ ሸሸኝ ብሎ እሱ ዘንድ ከሶኝ ነበር። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ፈረምሁና ወደ ሰልፉ ተመለስሁ።

ያፋጠጠችኝ ግን ሌላ ሰው ናት። ጥሩወርቅ ትባላለች፤ ልብስ አጥባ ልጆች የምታሳድግ ጎረቤቴ ናት። ስለ ጫካው ስነግራቸው ቆማ ሰማችና «እትዬ አስናቀች፣ የዝንጀሮዋ ነገር አንጀቴን በልቶታል። የልጆቼ ወጥስ? የኑጉን ዋጋ እችለዋለሁ?» አለችኝ። እሷም ጄሪካኗን አንሥታ ሄደች፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራዬ ላይ ልቤ አልነበረም።

ከሁለት ቀን በኋላ ራሷ በሬን አንኳኳች። «ዘይቱን ሳይሆን ኑጉን በፍሬው ብንገዛስ? እንደ ዕቁብ አዋጥተን። አስጨምቀን እንካፈል» አለች። ሐሳቡ የእኔ ነው ብዬ ብናገር ደስ ባለኝ፤ የእሷ ነው። ከጸሎት ቤታችን ሴቶች፣ ከሰፈሩ ደግሞ ጾም የሚጾሙት እናቶች ተሰበሰብን። ለሁለቱም ዘይት ያው ዘይት ነው።

ታኅሣሥ ላይ ኑጉ ሲወቃ ከስመኘው ያቺን ቁራሽ ሙሉውን ገዛን። ዳንግላ ላይ በጋሪ ጭነን አንድ የቀረ መጭመቂያ ዘንድ ወሰድነው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ልጅ መጀመሪያ አጽዳው ስለው ተናደደ፤ «ከዚህ በፊት የገባውን ሳታወጣ የኛ አይገባም» ብዬ ቆምሁበት። የታጠቡ ጄሪካኖቻችንን ራሳችን ይዘን፣ ከማሞቂያው እስከ መጥለያው ዓይናችንን ሳንነቅል ዋልን። ፋጉሎውን ለአድላቢ ሸጥነውና የማስጨመቂያውን ሒሳብ ሸፈነልን። ለእያንዳንዳችን የደረሰው ከሚረጋው ያነሰ ነው፤ አልዋሽም። ጥሩወርቅ ግን «ጠብታው ይበቃል፣ ይሸታልኮ» አለች። ድሮ በማንኪያ እየቆረጠች የምትጨምረውን አሁን በጣቷ እየለካች ነው።

ኑጉን ለመረከብ የሄድን ቀን ስመኘው ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደኝ። የዲከረንስ ችግኝ በላስቲክ ተደርድሯል።

«ለከርሞስ ትመጣላችሁ እታለም?» አለኝ። «ቁርጡን ንገሪኝ። ካልመጣችሁ ክረምት ሲገባ ይቺንም ቁራሽ በዚህ እሞላታለሁ።»

«እንመጣለን።»

«ሰው ሁሉ እንመጣለን ይላል።»

ጥሩወርቅ ከኋላዬ መጥታ «እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ፣ ቃሌን ካጠፍሁ ሥራ የሚሰጠኝ የለም» አለችው። ስመኘው ሳቀ። እኔም ያን ቀን ከልቤ ሳቅሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በሐምሌ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ስልኬ ጮኸ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ስመኘው ከነፋሱ ጋር እየተጋፋ ይጮኻል።

«የታችኛውን ዘርቻለሁ! የላይኛውን የዲከረንስ ማሳ ደግሞ ለከሰል ቆርጨዋለሁ። ባዶ ነው። ኑግም ልዘራበት እችላለሁ፣ መልሼ ዲከረንስም ልተክልበት። ግን የእናንተ ቁጥር ለታችኛው ብቻ ነው የሚበቃ። የዘር ጊዜው ሳያልፍ ሰው ካገኘሽ ደውይልኝ።»

ጃንጥላዬን አንሥቼ በዚያው ዝናብ ወጣሁ። በሳምንቱ ውስጥ የሰፈሩን ቤት አዳረስሁ። መምህራን ቤት ሄድሁ፣ ሱቅ ያላቸው ዘንድ ሄድሁ፣ መጋዘን ድረስ ሄጄ አቶ ቢምረውን ለመንሁት። አቶ ቢምረው በስሙ ሳይሆን በሚስቱ ስም መዋጮው ውስጥ ገባ። ጥሩወርቅም ልብስ ከምታጥብላቸው ቤቶች አንዳንዶቹን አመጣች። ጫካ ሲነድ የሚያሳየውን ቪዲዮ በስልካቸው እያዩ «አቤት ጉድ» ያሉኝ፣ ደመወዛቸው ከእኔ የጡረታ ገንዘብ እጥፍ የሆነ ሰዎች ግን «እስቲ እናስብበታለን» ብለው ሸኙኝ። ልብስ አጣቢዋ ያዋጣችውን እነሱ ሊያስቡበት ነው።

ለስመኘው ደወልሁለት። ባገኘሁት ሰው ልክ የላይኛውን ማሳ ግማሹን ኑግ ዘራው፤ በቀረው ግማሽ ችግኙን ተከለበት። ነሐሴ ሲገባ ወርጄ አየሁት። በአንድ በኩል ኑጉ ለምልሟል፣ በሌላው በኩል ዲከረንሱ ሥር ይዟል። ግማሹ ለምን ቀረ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ያላንኳኳሁት በር የለም። ያልተከፈተልኝ ግን ብዙ ነው።